ስለ «ተከላካይ ፕሮቲኖች» የተሰጠ አስተያየት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ዘረ መላቸው በተለወጠ አይጦች ላይ ስለተደረገ ምርምር በጤና ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሰውነት ከባድ ብግነትን (የመቆጣትና የማበጥ ምላሽን) የሚያበርድባቸው፣ እናንተ «ተከላካይ» ያላችኋቸው ፕሮቲኖች እንዳሉት ማስረዳታችሁ ያስመሰግናል፤ ሆኖም ከአይጥ ወደ ታማሚ የተሻገራችሁበት ፍጥነት፣ በተለይ ለእኛ ለጎንደርና ለአካባቢዋ አንባቢዎች፣ አሳሳች ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ኢንተርሉኪን 10 የተባለውን ፕሮቲን እንመልከት። ይህ ፕሮቲን ቲኤንኤፍን የመሳሰሉ ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች በብዛት እንዳይመረቱ ይገታል። እ.ኤ.አ. በ1993 እንደተዘገበው፣ ይህን ፕሮቲን የሚያስገኘው ዘረ መል እንዲጠፋ የተደረገባቸው አይጦች ሥር በሰደደ የአንጀት ብግነት ተጎድተዋል፤ ጤነኛ አይጥ በሚቋቋመው የባክቴሪያ መርዝ መጠንም ይሞታሉ። እስከዚህ ድረስ «ተከላካይ» የሚለው ስም ይገባዋል።

ነገር ግን እንዲህ ዓይነት አይጦች የካላ አዛር (ጣፊያን የሚያሳብጥና የሚያከሳ በሽታ) ተሕዋሲ በሰውነታቸው ሲገባ ከጤነኞቹ በተሻለ ይቋቋሙታል፤ ምክንያቱም ብግነትን የሚያበርደው ይኸው ፕሮቲን፣ ተሕዋሲውን የዋጡት የመከላከያ ሕዋሳት እንዳይገድሉት ያዳክማቸዋል። በካላ አዛር ሕሙማን ደም ውስጥም መጠኑ ከፍ ብሎ ይገኛል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ሁመራ ወርዶ፣ ጣፊያው አብጦና ከስቶ ጎንደር ለሕክምና ለሚመጣ ወጣት ይህን ፕሮቲን መጨመር ጥቅም ነው ብሎ የሚሟገት ሐኪም ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው፤ ጽሑፋችሁ ጨርሶ አላነሣውም። ቲኤንኤፍን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል አስቀድሞ የተሰጣቸው አይጦች ከባክቴሪያ መርዝ እንደተረፉ እ.ኤ.አ. በ1985 ተዘግቧል፤ በሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን ከልክ ያለፈ ምላሽ ሲሰጥ በሚመጣ ከባድ ሕመም) በታመሙ ሰዎች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ግን የተጠበቀውን ያህል ሕይወት አላተረፉም። ሰው የባክቴሪያ መርዝን የሚቋቋመው ከአይጥ እጅግ ባነሰ መጠን መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ብግነቱ ከተቀጣጠለ በኋላ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በአገራችን የተሠራ ጥናት ነው። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ያለበት ሰው ፔኒሲሊን ሲወስድ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ ብርድ፣ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ይገጥመዋል። አዲስ አበባ ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው ጥናት፣ ፀረ ቲኤንኤፉ ከፔኒሲሊኑ አስቀድሞ ሲሰጥ፣ ከ10 ሕሙማን በ9ኙ ገደማ ይታይ የነበረው ይህ ምላሽ ወደ ግማሽ ያህሉ ወርዷል። እዚህ ላይ መድኃኒቱ የሠራው ምላሹ የሚመጣበት ሰዓት አስቀድሞ ስለሚታወቅ ይመስለኛል።

ስለሆነም ወደፊት ስለ እንዲህ ያሉ ምርምሮች ስትዘግቡ፣ ሙከራው በአይጥ ላይ መሆኑን በርዕሱ ላይ፣ ፕሮቲኑ ከሕመሙ በፊት ይሁን በኋላ የተሰጠው ደግሞ በመጀመሪያው አንቀጽ እንድትገልጹልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር