ለሲስተር እና ከእናታችን ጎን ለቆማችሁ ሁሉ

እናታችን ደህና ናት። በስልክ ስታለቅሱ ለከረማችሁ ዘመዶች ሁሉ ብሥራቱ ይሄ ነው። የስኳር ሕመሟ ልክ ይዟል፤ እህል ይበላላታል፤ ጎረቤቱንም እንደ ድሮዋ መቆጣት ጀምራለች።

ለዚህ ላበቃን ፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግናቸው ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ ነርስ ናቸው። ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ ሲስተር እያልኩ ልቀጥል። ደሞዝ የሚከፍላቸው የለም። ከገጠር የመጣ ታካሚ ግራ ሲገባው ካዩ ግን ቁጭ ብለው ያስረዱታል፤ ሲያስፈልግም ይሟገቱለታል።

እናቴ መጀመሪያ ከሆስፒታል ስትወጣ ምክሩን የሰማነው በር ላይ ቆመን ነው። የስኳር መድኃኒቱን፣ ኢንሱሊኑን፣ ጠዋትና ማታ ውጉ፤ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ገባችሁ? ገባን። ፍሪጅ! የእናቴ ቤት ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ወረድ ብሎ ነው፤ መብራት የሚባል ነገር የለም። ባስረዳችን ልጅ አልፈርድም፤ ኮሪደር ሙሉ ሰው ይጠብቃታል። ግን እንዲህ ባለ ማብራሪያ ሰው ይሞታል። እናቴ መርፌውን ተወግታ፣ ጾም ነው ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ቆየች። ስኳሯ ከልክ በላይ ወርዶ ራሷን ስታ ወደቀች።

ከሲስተር ጋር የተገናኘነው ያኔ ነው። ማስተማር ከመጀመራቸው በፊት ጠየቁ። «እትዬ፣ ከእንቅልፍዎ ሲነሱ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? ከዚያስ?» እናቴ ውሏን ሁሉ ተረከችላቸው። መርፌውንም፣ ምግቡንም፣ ልኬቱንም በዚያ ውሎ ውስጥ አስገቡት። ሁሉን ባንዴ አልጫኑባትም። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ስኳር ሲወርድ ምን ይደረጋል የሚለው ብቻ ነበር፤ ቶሎ የሚገድለው እሱ ነውና። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ርሃብ፣ ማዞር። የስኳር መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፣ ከዚያ እህል መቅመስ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም ሳንጨምር ወደ ጤና ተቋም መሮጥ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ግን ከስልክ ላይ ለምዳለች። ሲስተር ይህን ያወቁት ስለጠየቁ ነው።

ሲስተር «ገባዎት?» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። «እስቲ ለልጅዎ እንደሚያስረዱ አድርገው ንገሩኝ» ይላሉ። እናቴ ስትሳሳት ደግሞ «እኔ ነኝ በደንብ ያልነገርኩዎት» ብለው በሌላ መንገድ ይጀምራሉ። መርፌውን መጀመሪያ ብርቱካን ላይ አስለመዷት። ደፍራሹን ኢንሱሊን አንስታ ስትነቀንቀው እጇን ያዝ አድርገው «እትዬ፣ ቅቤ እየናጡ እኮ አይደለም!» አሏት። በሁለት መዳፏ መሃል ቀስ አድርጋ ስታንከባልለው ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ሲስተር በፍሪጁ ቦታ ሁለት ማሰሮ አስገቡልን። ትንሹ ትልቁ ውስጥ ይገባል፤ መሃሉ በአሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ውኃ ይጠጣል፤ ላዩ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ብልቃጡ ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቀለላል። የተከፈተ ብልቃጥ አራት ሳምንት ገደማ ነው የሚያገለግለው። ይህንንም በእናቴ አቆጣጠር ነገሯት። በሚካኤል የተከፈተ፣ የሚቀጥለው ሚካኤል ሳይደርስ ይቀየራል። ከዚያ ወዲህ ተሳስታ አታውቅም።

በጾሙ ጉዳይ ሲስተር ራሳቸው አልተከራከሩም። «የንስሐ አባትዎን ይዘው ይምጡ» አሉ። አባታችንም መጡ፤ አዳመጡ፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ጹም ብላ እንደማታስገድድ ነገሯት። ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራ እንድትይዝ አዘዟት። እኛ ልጆቿ ዓመት ብንለምናት እሺ አትልም ነበር።

ሐኪም ጋ ስንገባ ደግሞ ሲስተር ከጎኗ ይቀመጣሉ እንጂ አይናገሩላትም። ከመግባቷ በፊት ሦስት ጥያቄ ያስይዟታል። ሕመሜ ምንድን ነው? ምን ላድርግ? ባላደርገውስ ምን ይመጣል? እናቴ ዝም ካለች ጉልበቷን ነካ ያደርጓታል። ጠበቃ ማለት ስለ ሰው የሚናገር ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ባለጉዳዩ ራሱ እንዲናገር ነው የሚያደርጉት።

ሌሎቻችሁንም አልረሳሁም። በሌሊት ቃሬዛ ይዛችሁ እስከ አስፋልቱ ያደረሳችሁ ጎረቤቶች፣ ዕድራችን፣ በየጊዜው ብቅ ብላ ጫማዋን እያስወለቀች እግሯን የምታየው የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን፣ እግዜር ብድራችሁን ይክፈል። ጤና መድኅን ባይኖረን ደግሞ በሬው ይሸጥ ነበር።

ሲስተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እናቴ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ጋ ብቻዬን ነው የምገባው ብላለች። እርስዎ ቤትዎ ቁጭ ብለው ቡናዎን ይጠጡ።