አባባ፣ ስለ መኪናው ላስረዳዎ

ይድረስ ለአባቴ፣ ደሴ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ሲጠና እንደሚያስቸግርዎ እህቴ ነግራኛለች። እኛም እዚህ አሜሪካ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሹ ልጅ አማርኛውን እየሰባበረም ቢሆን "አባባ መቼ ነው የሚመጡት?" ይላል።

ባለፈው በስልክ የጠየቁኝን በደንብ ሳልመልስ ዘጋሁት። "ስምህ የተጻፈበት መኪና እየነዳህ ብድር ምን ያደርግልሃል?" ነበር ያሉኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው የምጽፍልዎ። እህቴ ታነብልዎታለች።

መኪናው የኔ ነው፤ ዕዳው ግን ገና አላለቀም። በግንባታ ሥራዬ 14 ሰው አብሮኝ ይሠራል፣ እሱም እውነት ነው። ሠራተኛ በየሳምንቱ ዓርብ ይከፈለዋል። ዓርብ ካለፈው ሰኞ አይመጣም። እኔ ደግሞ የሠራሁትን በወሩ መጨረሻ አስልቼ ለትልቁ ተቋራጭ አቀርባለሁ፤ እሱ የሚከፍለኝ የሕንፃው ባለቤት ሲከፍለው ነው። 30 ቀን፣ 45 ቀን፣ አንዳንዴም 60። በዚያ ላይ ከየክፍያው ከ5 እስከ 10 በመቶ ቆርጠው ሥራው እስኪያልቅ ይይዙታል። ሪቴንሽን የሚሉት ነው፤ እናንተም ጋ አለ። እና ትልቅ ሥራ ባሸነፍኩ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ከኪሴ ነው የምሠራው። እዚህ ስንቱ ኮንትራክተር የወደቀው ሥራ አጥቶ ሳይሆን ሥራ በዝቶበት ነው። ብድሩ ለዚያ ነው።

እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ በቃል ነው የሠሩት። "እሱ የገነባው አይሰነጠቅም" ከተባለ በቃ። ዋስ ካስፈለገም ጎረቤት አለ። ቀሪ ሒሳብዎን የበላዎትን ያንን ነጋዴ እንኳ "ለእግዜር ሰጠሁት" ብለው ተዉት። እኔ እንዲያ ማለት አልችልም፤ ዓርብ አለብኝ።

እዚህም ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ ግን ኩባንያ ነው። ተቋራጩ ሥራውን ጥሎ ቢጠፋ እኔ እጨርሳለሁ ወይም እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። ለፌዴራል መንግሥት ግንባታ ይሄ በሕግ ግዴታ ከሆነ ቆይቷል፤ ከ1935 ጀምሮ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ዋሱ ታዲያ ልስንህን መጥቶ አያይም። የሚያየው ባንክ ያለህን፣ ሒሳብ አዋቂ የፈረመበትን መዝገብና እስከ ዛሬ የሠራኸውን ትልቁን ሥራ ነው። ትልቅ ሥራ ካልሠራህ ዋስ የለም፤ ዋስ ከሌለህ ትልቅ ሥራ የለም። አባቱ ኩባንያ ያወረሰው ሰው ይቺን በር ሳያያት ያልፋል። የዚህ አገር ጥቁር ግን አያቱ ባንክ ብድር ሲከለከሉ የኖሩ ናቸው፤ ምን ያስይዛል? እኔማ ከነጭራሹ በአንድ ሻንጣ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሦስት ቦታ ጠይቄ መለሱኝ። አራተኛው የተቀበለኝ የመንግሥት የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት ከጀርባዬ ስለቆመ ነው። ኪሳራ ቢመጣ አብዛኛውን መንግሥት ይሸፍንለታል።

ባለፈው ሲመጡ ያስታውሳሉ? ኤርፖርት ሻንጣ ስንጠብቅ ግድግዳውን በመዳፍዎ ዳበስ አድርገው "ይሄ የማን እጅ ነው?" አሉኝ። አላውቅም አልኩዎ። ተርሚናሉ የተሰየመበትን ሰው ግን አውቀዋለሁ። ሜይናርድ ጃክሰን ይባላል፤ በ1974 ሥራ የጀመረ፣ የአትላንታ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ። በሱ ጊዜ ትልቁ ኤርፖርት ሊሠራ ሲል፣ ከሥራው ሩቡ ለጥቁሮችና ለሌሎች አናሳዎች ካልደረሰ አይሆንም ብሎ ድርቅ አለ። ስንት ጩኸት ተነሣ። እሱ ግን ፍንክች አላለም፤ የዚያን ጊዜው አዲስ ተርሚናልም በ1980 ተከፈተ።

ከሱ በፊት ደግሞ ኸርማን ራስል የሚባል ጥቁር ተቋራጭ ነበር። እሱን እርስዎ ይወዱት ነበር። አባቱ ለሳኝ፣ እሱም ከልጅነቱ ለሳኝ። ገና ጎረምሳ ሳለ ቁራሽ መሬት ገዝቶ ቤት ሠራበት። በ1952 የጀመረው ኩባንያ በዚህ ከተማ ያልነካው ሰፈር የለም ማለት ይቻላል፣ ዛሬም በልጆቹ እጅ ነው። የከተማው ንግድ ምክር ቤት ራስልን አባል እንዲሆን የጋበዘው ጥቁር መሆኑን ሳያውቅ ነበር አሉ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያስቀኛል።

አንድ ነገር ደብቄዎት ነበር፤ ይኸው ዛሬ ልንገርዎ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከከተማው ወጣ ያለ ሰፈር አንድ ሰውዬ ቤት ለማስፋት ጠራኝ። አንድ ነጭ ልጅ ይዤ ሄድኩ፤ ከኔ ጋ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ውሃ ልክ እንኳ በደንብ አይዝም። ሰውዬው ወጣ፣ እኔን አልፎ የልጁን እጅ ጨበጠ፣ ፕላኑን ዘረጋለትና ዋጋ ጠየቀው። ሜትሩ እኔ እጅ ላይ ነው። ልጁ ፊቱ ቀልቶ በአገጩ ወደኔ አሳየው። ሰውዬው ሳቀ። በማግስቱ "ሐሳባችንን ቀይረናል" ብሎ ደወለ። ያን ማታ ለርስዎ ደውዬ ሥራው ጥሩ ነው አልኩዎ።

እኛ ሐበሾች "ጥቁር" የሚለውን ስም ለሌላ ሰው ነው የምንሰጠው፤ ያውቁናል። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ሐበሻ ነኝ እያልኩ ነበር የምኖረው። ሰውዬው ግን ፓስፖርቴን አልጠየቀኝም።

ነገሩን መልሼ ያነሣሁት ለካ ሊጠቅመኝ ነው። ችግር ያየ ሰው ያቋቋመውን ትንሽ ድርጅት ከመንግሥት ሥራ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም አለ። ቀድሞ ጥቁር ከሆንክ እንደ ተበደለ ይቆጥሩህ ነበር። በ2023 አንድ ፍርድ ቤት ይሄ አይሆንም ብሎ ስላገደ፣ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሰው የደረሰበትን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ተደረገ። የሜትሩን ታሪክ ጻፍኩ። አባባ፣ ለማመልከቻ ተብሎ ውርደትን በቀንና በቦታ መዘርዘር ደስ አይልም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። አሁን ገብቷል፣ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ለቤትዎ ጣሪያ የምልከውን ብር በተመለከተ፦ የትምህርት ቤቱ ሥራ በታኅሣሥ ያልቃል፤ የተያዘብኝ ሪቴንሽን ጥር ላይ ይለቀቃል። ያን ቀን ነው የምልከው፣ ቆርቆሮውም ወፍራሙ ይሁን። እስከዚያ ግን እባክዎ መሰላል ላይ አይውጡ። ባለፈው ቅዳሜ ክዳኑ ላይ ወጥተው ሚስማር ሲመቱ እንደነበር እህቴ ነግራኛለች።

ልጅዎ፣
ከአትላንታ