«ነገ ትለምጂዋለሽ» ስለተባልኩበት ክራውን (የጥርስ ሽፋን) የቀረበ ቅሬታ

ይድረስ ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ሀዋሳ

እንደምን ሰነበቱ። የጥርሴን ታሪክ ከስር ጀምሬ አልተርክም፤ ካርዴ ላይ ተጽፏል፣ ካልጠፋ። የምጽፈው አልገጥም ስላለኝ ክራውንና ስለ ማክሰኞው ቀጠሮ ነው።

አርብ ዕለት የእናንተዋ እንግዳ ተቀባይ ደውላ «ማክሰኞ 8 ሰዓት ነይ፣ ዶክተሩ ራሱ ያይሻል፣ ካልተስተካከለም በነጻ ይቀየርልሻል» አለችኝ። እኔም የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜዬን ጓደኛዬ እንድትይዝልኝ ለምኜ፣ ከአቶቴ በባጃጅ መጣሁ። 8 ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። እስከ 10 ሰዓት ተኩል ተጎለትኩ። ከእኔ በኋላ የመጡ ሦስት ሰዎች ገብተው ወጡ። ስጠይቅ «ስምሽ የለም፣ ማን ነው የቀጠረሽ?» አለች። አንቺ ነሻ! አልኳት። «እኔ እንደዚያ አልወጣኝም» ብላ ካደች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ «እህቴ፣ ለአንድ ጥርስ እንዲህ ይኮናል እንዴ?»

18 ሺህ ብር ስትቀበሉኝ ግን አንድ ጥርስ ነው ብላችሁ አልቀነሳችሁልኝም።

ከዚያ ዶክተሩ ወጣ፣ የመኪና ቁልፉን ይዞ። አፌን እንኳ ሳያይ፣ እንደቆመ «ክራውኑ ምንም አልሆነም፣ ሌሊት ጥርስ ስለምታፋጪ ነው» ብሎኝ ሄደ። ማታ ባለቤቴን ጠየቅኩት። «ታንኮራፊያለሽ እንጂ አታፋጪም» አለኝ (እሱን ለብቻ እንነጋገርበታለን)። ደግሞስ ባፋጭ ኖሮ፣ ክራውኑን ከመሥራታችሁ በፊት መጠየቅ የማን ሥራ ነበር? ጥርስ ለሚያፋጭ ሰው ሌሊት የሚያደርገው መከላከያ ይሠራለታል እንጂ ቁልፍ እያንቀጫቀጩ ጥለውት አይሄዱም።

ክራውኑ የተገጠመ ቀን ግማሽ ፊቴ በማደንዘዣ ደንዝዞ ነበር። ያቺን ንክሻ የምታሳይ ሰማያዊ ወረቀት አንዴ አስነክሳችሁኝ «ገጠመ?» ስትሉኝ ምኑን ልወቀው? «ነገ ትለምጂዋለሽ» አላችሁኝ። አልለመድኩትም። አፌን ስገጥም ከሁሉም ቀድሞ እሱ ቀጭ ይላል፣ ሌሎቹ በደንብ አይገናኙም፣ ጠዋት ስነሳ ጆሮዬ ሥር ያመኛል። በሁለተኛው ቀጠሮ ወጣቱ ሐኪም ሁለት ደቂቃ ሞርዶ ሸኘኝ፤ የሞረደውን ግን አላለሰለሰውም። ምላሴ ሲነካው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይሻክራል። ክራውኑ የተሠራበት ዚርኮኒያ ጠንካራ ነገር ነው፣ ሸካራ ሆኖ ከቀረ የሚገጥመውን ጥርስ ይበላዋል። ይኸው ትይዩ ያለው የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ጫፉ ልሙጥ ሆኖ ቢጫው ብቅ ብሏል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይጠዘጥዘኛል። ነጩ የላይኛው ክፍል አንዴ ካለቀ ተመልሶ አይበቅልም። ምንም ያልነበረው ጥርስ ነበር እኮ! እሁድ አሞራ ገደል እንግዳ ጋብዤ፣ ሰው የተጠበሰ ዓሣውን ሲያወራርድ እኔ በግራዬ ብቻ እንደ አሮጊት ሳላምጥ ዋልኩ።

ሌላም አለ። ለዚሁ ለአንዱ ጥርስ በመጣሁ ቁጥር የካርድ 200 ብር ታስከፍሉኛላችሁ። ደረሰኝም አልሰጣችሁኝም፤ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ካላችሁኝ ሦስት ወር ሆነ። ራጄንም ጠይቄ ተከልክያለሁ።

ስለዚህ እስከሚቀጥለው አርብ ዶክተሩ ራሱ፣ ያለ ማደንዘዣ፣ በወረቀቷ ደጋግሞ እያየ ያስተካክለው፣ ያለስልሰውም። ያም ሆኖ ካልገጠመ ይቀየር። ስጽፈው ደግሞ ይባስ ተናደድኩ፤ የታችኛው ጥርሴ ማሳከሚያም ከእናንተ ነው፣ የካርዱም ብር ይመለስልኝ። አይ ካላችሁ 18 ሺዬን ስጡኝና ሌላ ቦታ ልሂድ። ዝም ካላችሁኝ የከተማው ጤና መምሪያ ሩቅ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል፤ ለልጅቷ ንገሩልኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ የለኝም። ስትቀጥሩኝ ግን በቃል አይሁን፣ በቴክስት ጻፉልኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
ደንበኛችሁ (እስካሁን)