ምንጩ ካልታወቀ ፋይል ስለተጫነልኝ ሊኑክስ ሚንት የቀረበ ቅሬታ

ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኮምፒውተር ሽያጭና ጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ዳግም ጭነት፣ የገንዘብ ተመላሽና የጽሑፍ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ስለሌለው፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራው ነፃ ሥርዓተ ክወና ሊኑክስ ሚንት እንዲጫንልኝ ወደ ድርጅትዎ አመጣሁት። ሥራው ቶሎ አልቋል፤ በዚህ አመሰግናለሁ። ያስቆጣኝ የተጫነው ነገር ከየት እንደመጣ የሚነግረኝ ሰው ከድርጅትዎ መታጣቱ ነው።

ላፕቶፑን ስረከብ «ቢበላሽ መልሰው ይጫኑበት» ተብሎ አንድ ፍላሽ ተሰጠኝ። በውስጡ ያለው የአይኤስኦ ፋይል (ሥርዓቱ የሚጫንበት ፋይል) ስም ላይ «ሙሉ» የሚል ቃል ተቀጥሏል። ሊኑክስ ሚንት ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ የተባሉ እትሞች አሉት እንጂ «ሙሉ» የሚባል እትም የለውም። የፋይሉን የኤስኤችኤ 256 ቁጥር (ፋይሉ በትንሹም ቢለወጥ አብሮ የሚለወጥ መለያ) አስልቼ አዘጋጆቹ ካወጡት ጋር ሳስተያየው አልገጠመም። ይህ ብቻውን ተንኮልን አያሳይም፤ ፋይሉ ሲገለበጥ ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የማዘመኛ ምንጮችን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ማሻሻያ የሚያወርድባቸውን አድራሻዎች ዝርዝር ስከፍት የሚንትም፣ ሚንት የተመሠረተበት የኡቡንቱም ያልሆነ አድራሻ ተጨምሮ አገኘሁ። የዚያ አድራሻ ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ እኔ «አዘምን» ባልኩ ቁጥር በኮምፒውተሬ ላይ የፈለገውን በሙሉ ሥልጣን መጫን ይችላል ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ለይቼ አስቀምጬዋለሁ፤ የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃሎቼንም በሌላ መሣሪያ ቀይሬአለሁ።

ባለሙያዎን ስጠይቀው ሁለት መልስ ሰጠኝ። የመጀመሪያው «ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም» የሚል ነው። ነገር ግን የካቲት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ራሱ ተሰብሮ፣ የ17.3 ሲናሞን እትም ማውረጃ የኋላ በር (ለሰርጎ ገቦች የተደበቀ መግቢያ) ወደተከፈተበት ፋይል እንዲያመራ ተደርጎ ነበር። ከዋናው ገጽ ያወረዱ ሰዎች እንኳ እንዲህ ከተታለሉ፣ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ፍላሽ በምን ይታመናል?

ሁለተኛው መልሱ ኢንተርኔት ውድ ስለሆነ ፋይሉን ከሌላ ሱቅ እንደገለበጡት ነው። ይህን እረዳለሁ። ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል ለየደንበኛው አዲስ አውርዱ የሚል ሰው የለም፤ መገልበጥም በፈቃዱ የተፈቀደ ነው። ለማረጋገጥ ግን ፋይሉን እንደገና ማውረድ አያስፈልግም። ከአዘጋጆቹ ገጽ የሚወርደው የቁጥሮቹ ዝርዝርና ፊርማው ብቻ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሱ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው። ገጹን የሰበረ ሰው ቁጥሩንም አብሮ ሊቀይር ስለሚችል አዘጋጆቹ ዝርዝሩን ጂፒጂ በተባለ ዲጂታል ፊርማ ያጸኑታል፤ ፊርማውን መፈተሽም የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስለዚህ የኢንተርኔት ዋጋ ለመገልበጥ ምክንያት ይሆናል፤ ሳያረጋግጡ ለመጫን ግን አይሆንም።

በደረሰኙ ላይ ደግሞ «የሶፍትዌር ፈቃድ» ተብሎ 2,500 ብር ተጽፏል። ለባለሙያ ድካም መክፈል ተገቢ ነው፤ የመጫኛ ዋጋውንም በሌላ መስመር ከፍያለሁ። ሊኑክስ ሚንት ግን የፈቃድ ክፍያ አይጠይቅም። ይህ ገንዘብ ለማን እንደተከፈለ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ስለሆነም እኔ ባለሁበት ቁጥሩና ፊርማው ከተረጋገጠ ፋይል፣ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ተደምስሶ እንደገና እንዲጫንልኝ፣ 2,500 ብሩ እንዲመለስልኝ፣ የፋይሉ ምንጭም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ከዚያው ፍላሽ የተጫነላቸው ሌሎች ደንበኞች ካሉ ዛሬውኑ ሊነገራቸው ይገባል፤ ይህ ከእኔ ገንዘብ ይቀድማል። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ካላገኘሁ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለሚመለከተው አካል አቤቱታ አቀርባለሁ። ፍላሹን እስከዚያው አልመልስም፤ ማስረጃዬ እርሱ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅትዎ ደንበኛ

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂና የማዘመኛ ምንጮች ዝርዝር ፎቶግራፍ