ተማሪ መሆን ብቻውን ከካውንስል ታክስ አያድንም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

መስከረም ሲጠባ ከአገር ቤት ለትምህርት ወደ እንግሊዝ የሚመጡ ልጆች ይበዛሉ። እናንተም ስለ ቪዛው፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ብርዱ ትጽፉላቸዋላችሁ። እግዜር ይስጣችሁ። ስለ ካውንስል ታክስ፣ ማለትም ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በመኖሪያ ቤት ላይ ስለሚጥለው ግብር፣ ግን አንድም ቀን ስትጽፉ አላየሁም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለዚሁ ነው።

የእህቴ ልጅ አምና ማስተርስ ሊማር መጣ። ከአጎቱ ልጅ ጋር ሆነው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራዩ። የአጎቱ ልጅ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ውሉ ላይ ሁለቱም ፈረሙ። ብዙም ሳይቆይ ከካውንስሉ ቢል መጣ፤ የሁለቱም ስም አለበት። ተማሪው "እኔን አይመለከተኝም፣ ዩኒቨርሲቲው ይነግርልኛል" ብሎ ተወው። ሠራተኛው ደግሞ ኪራዩ ውስጥ ያለ መሰለው።

አልፈርድባቸውም። አገር ቤት የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። ተከራይ ስለ ግብሩ የሚሰማው አከራዩ ኪራይ ሲጨምርበት ነው። እዚህ ግን ቤቱ የማንም ይሁን የማን፣ ካውንስል ታክስ የሚከፍለው ባብዛኛው ውስጡ የሚኖረው ሰው ነው። ይህንን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ እዚህ አገር ሃያ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ።

ማስታወሻ ደብዳቤ መጣ። በሰባት ቀን ክፈሉ ይላል። ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በካውንስል ታክስ ላይ ግን ዝምታ እዳ ይወልዳል። በየወሩ መክፈል የሚቻለው ገንዘብ የዓመቱ ቀሪ ባንድ ጊዜ ይምጣ ተባለ። ቀጥሎ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ፣ የፍርድ ቤቱ ወጪም ተጨመረበት። እኔ የሰማሁት ቤይሊፍ (እዳ አስከፋይ) ሊልኩ ነው የሚል ወረቀት ሲደርሳቸው ነው። ቤታቸው ስሄድ ፖስታዎቹ መስኮቱ ጫፍ ላይ ተደርድረዋል። ግማሹ አልተከፈተም።

መፍትሔው አንድ ወረቀት ነበር። ልጁ ከዩኒቨርሲቲው የተማሪነት ማረጋገጫ ጠየቀ፤ በማግስቱ ተሰጠው። ለካውንስሉ ላክነው። ከገቡበት ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ከቢሉ 25 በመቶ ተቀነሰ፤ የተማሪው ስምም ወጣ። የፍርድ ቤቱ ወጪ ግን አልተመለሰም። የአጎቱ ልጅ ከሌሊት ፈረቃ ደሞዙ ላይ እየቆረሰ ከፈለው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ሕጉን የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ካውንስል ታክስ የመጣው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1993 ነው። ከእሱ በፊት በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ፖል ታክስ የሚሉት ነበር፤ ያኔ ተማሪም ቢሆን 20 በመቶውን ይከፍል ነበር። በ1990 ሰዉ አደባባይ ወጥቶ ተቃወመው፣ ቀረ። አዲሱ ታክስ የሚጣለው በቤቱ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቤቶች ከኤ እስከ ኤች ባሉ የዋጋ ደረጃዎች (ባንድ ይሏቸዋል) ይመደባሉ። መለኪያው ቤቱ በሚያዝያ 1991 ቢሸጥ ያወጣ የነበረው ዋጋ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ልጆች ያኔ አልተወለዱም።

ሙሉው ቢል ቤቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት አዋቂ አለ ብሎ የሚነሳ ነው። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከአዋቂዎቹ አይቆጠርም። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተማሪዎች ከሆኑ ቤቱ ምንም አይከፍልም። የዩኒቨርሲቲ ማደሪያም እንደዚያው ነው። ሦስት ተማሪና አንድ ሠራተኛ ካሉ ቢሉ ለሠራተኛው ይመጣል፣ ሩቡ ተቀንሶ። ሁለተኛ ሠራተኛ ሲጨመር ግን ያ ቅናሽም ይቀራል። ኪራይ ከበደን ብለን ሥራ ያለው ዘመድ ሳሎን ውስጥ ስናስተኛ ይህን አናስብም። ልጁን አታስጠጉት ማለቴ አይደለም። ታክሱን አስባችሁ አስጠጉት።

እንግሊዝ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ አብሮት የሚከራየው ሠራተኛ ባልከፈለው ካውንስል ታክስ ተማሪው አይያዝም። በመካከላቸው ተስማምተው ቢካፈሉ መብታቸው ነው። የእህቴ ልጅም በኋላ ከአጎቱ ልጅ ጋር ተካፍሏል፤ ደግ አደረገ።

ተማሪ ማለት ማን ነው? ኮርሱ ቢያንስ አንድ የትምህርት ዓመት የሚቆይ፣ በዓመት ቢያንስ 24 ሳምንት፣ በሳምንት በአማካይ 21 ሰዓት የሚጠይቅ መሆን አለበት። ዕድሜው ከ20 በታች ሆኖ ኤ ሌቭል (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለ ትምህርት) የመሳሰለውን ለሚማር 12 ሰዓት ይበቃል፣ ኮርሱ ከሦስት ወር በላይ ከሆነ። ልጇ 18 ስለሞላው የብቸኛ ነዋሪ ቅናሿ የቀረ የመሰላት እናት አውቃለሁ። ልጁ ገና እየተማረ ነበር። ቅናሹ ሊቀር አይገባም ነበር።

ብዙዎች የሚፈሩት ነገር ደግሞ አለ። ፓስፖርታቸው ላይ ወይም ቪዛቸው ላይ ከመንግሥት ድጎማ መጠቀም አይፈቀድም ተብሎ ስለተጻፈ ቅናሽ መጠየቅ ቪዛ የሚያበላሽ ይመስላቸዋል። ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። ገቢ ታይቶ ለድሃ የሚሰጠው የካውንስል ታክስ ድጎማ ከመንግሥት ድጎማ ይቆጠራል፤ እሱን አትንኩት። የተማሪ ነጻነትና የ25 በመቶው ቅናሽ ግን ከዚያ ውስጥ አይደሉም። ያለ ፍርሃት ጠይቁ።

በስኮላርሺፕ ወይም ለዶክትሬት መጥታችሁ ባል ወይም ሚስት ይዛችሁ ከሆነም ስሙኝ። የትዳር ጓደኛችሁ የብሪታንያ ዜጋ ካልሆነና ቪዛው ሥራን ወይም ድጎማን የሚከለክል ከሆነ፣ እሱም እንደ ተማሪው አይቆጠርም። ቤቱ በሙሉ ነጻ ሊሆን ይችላል። ይህንን የማያውቅ የካውንስል ሠራተኛም ያጋጥማል። ስልክ ላይ አይሆንም ቢላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በሁለት ወር ውስጥ መልስ ካላገኛችሁ ወይም መልሱ ካላጠገባችሁ፣ እንግሊዝ ውስጥ ይግባኝ የሚባልበት ነጻ ትሪቡናል አለ።

በሕጉ ራሱ ላይም ቅሬታ አለኝ። ሌሊት ቢሮ እያጸዳች ቀን ሁለት ጊዜ ኮሌጅ የምትሄድ የሁለት ልጆች እናት ለሕጉ ተማሪ አይደለችም። 21 ሰዓት አልሞላማ። ቤተሰቡ እየከፈለለት ሙሉ ቀን የሚማረው ነጻ ነው፣ እሷ ግን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ትከፍላለች። የማስተርስ ትምህርቱን በፓርት ታይም የሚከታተለውም እንደዚያው። ለተማሪዎቹ ነጻነት መሰጠቱን አልቃወምም፤ የሚገባ ነው። ነገር ግን እየሠራ የሚማር ሰው ቢያንስ እንደ ሰዓቱ መጠን ሊቀነስለት ይገባል። የሕዝብ እንደራሴዎቻችን ጋ ስንሄድ ስለ ቪዛ ብቻ አንጠይቅ። ይህንንም እንጠይቅ።

እናንተን የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። በየዓመቱ በመስከረም መጀመሪያ ይህን ጉዳይ በአማርኛ አውጡልን። በሰኔም ድገሙት። ምክንያቱም ነጻነቱ የሚያበቃው ኮርሱ በሚያልቅበት ቀን ነው። ብዙዎች እስከ ምረቃው ቀን የሚቆይ ይመስላቸዋል። ሦስት ዓመት የሚማር ልጅ በመሃል ባሉት ክረምቶች ተማሪ ነው። የመጨረሻውን ዓመት ጨርሶ ሌላ ኮርስ እስኪጀምር ባለው ጊዜ ግን አይደለም። ማስረጃውን ያልላከ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊታይለት ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ግን ትምህርቱን ከጨረሰ አንድ ዓመት ላለፈው ሰው ወረቀቱን የመስጠት ግዴታ ስለሌለበት ቶሎ ይጠይቅ።

የእህቴ ልጅ ኮርሱ የሚያልቀው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ትናንት ደውሎ ለካውንስሉ ቀኑን አስቀድሞ እንዳሳወቀ ነገረኝ። መስኮቱ ጫፍ ላይም ያልተከፈተ ፖስታ የለም አለኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከእንግሊዝ