ክረምት ላይ ማን ይተክላል? ስለ “ርካሹ ማስተርስ” ዘገባችሁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሁለተኛ ዲግሪ በአነስተኛ ወጪ የት መማር እንደሚቻል ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ልለፈው ብል እንኳ የሚያሳልፈኝ አልነበረም። የመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተደጋግሞ ተለጠፈ። እህቴ ደግሞ “ላንቺ የተጻፈ ነው” ብላ ለብቻዬ ላከችልኝ። ለእኔ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ያቺ ዓረፍተ ነገር አትገባበትም ነበር።

ያነበባችሁ ሰዎች ታስታውሷታላችሁ። ከሠንጠረዡ በታች፣ ሥራ ላይ ስላሉ ባለሙያዎች የሚያወራው ክፍል ውስጥ ናት። ለመንግሥት ሠራተኛ ከሁሉ የሚያዋጣው የክረምት መርሐ ግብር ነው ትላለች። ደመወዝ አይቋረጥም፣ ዓመት ሙሉ ቤት ኪራይ አይከፈልም፣ ክረምት ደግሞ ሥራ ቀዝቀዝ የሚልበት ጊዜ ስለሆነ ለመማር አመቺ ነው።

ክረምት ሥራ ቀዝቀዝ ይላል። ለተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ!

እኔ የምሠራው ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ነው። ዓመታችን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዘጋቢያችሁ ማንንም እንዳልጠየቀ ግልጽ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ መደብ ይዘጋጃል፣ አፈርና ፍግ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ፕላስቲክ ይሞላል፣ ዘር ይዘራል። ጽድና ወይራ ቶሎ ስለማይደርሱ ቀደም ብለው ነው የሚገቡት። ጥርና የካቲት የተፋሰስ ሥራ ነው። ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ይሠራል፣ እኛ ቀድመን በውሃ ልክ ቅያስ እናወጣለን። በበጋው ማጠጣት፣ ማረም፣ ሥር መቁረጥ አለ። ግንቦት ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል። ሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲይዝ ችግኝ መጫን ይጀመራል፣ ከዚያ እስከ ነሐሴ ድረስ ቅዳሜ የለ፣ እሁድ የለ፣ ጭቃው ቦቲ ውስጥ ገብቶ እየተንቦጫረቀ ከመኪና ወደ ተራራ ከተራራ ወደ መኪና ስንመላለስ፣ አለቃው ሪፖርት ስንት ደረሰ እያለ በየሰዓቱ ሲደውል ነው የሚከርመው። መስከረም ሲጠባ ደግሞ የጽድቀት ቆጠራ ይመጣል፤ ከተተከለው ችግኝ ስንቱ እንደያዘ ይቆጠራል። ትንፋሽ የምናገኘው ጥቅምት አካባቢ ነው፣ እሱም ከተገኘ።

አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ይሄ ነገር ለማንም የተሰወረ አይመስለኝም ነበር። በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ በዓለም የተወራው ሐምሌ 22 ቀን ነበር። እናንተም ዘግባችሁታል። ያን ቀን የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች የት የነበሩ ይመስላችኋል? ክፍል ገብተው ስለ ደን ሲማሩ?

እርግጥ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የክረምት መርሐ ግብር በአብዛኛው የተለመደው ለመምህራን ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ መምህሩ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፣ መስከረም ላይ ይመለሳል። ለእነሱ ጥሩ ነገር ነው፣ ማንም አይቃወምም። ግን አንድ የባዮሎጂ መምህርና አንድ የደን ባለሙያ ሁለቱም “የመንግሥት ሠራተኛ” ስለተባሉ የሥራ ዘመናቸው አንድ አይሆንም። የፈተና ሳምንት ለመምህሩ ፋታ እንደማይሰጠው ሁሉ ሐምሌና ነሐሴም ለእኛ እንደዚያው ናቸው። እና ይሄን የሚያህል ነገር የሳተ ዘገባ ርዕሱ ላይ “ለባለሙያዎች የተሟላ መመሪያ” ብሎ ይወጣል። የተሟላ!

ይሄ ለእኔ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለክረምት መርሐ ግብር ለመመዝገብ የፈቃድ ደብዳቤ ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ “ክረምት ላይ አንቺ ከሄድሽ ማን ይተክላል?” የሚል ነው። ቅር ቢለኝም የምመልሰው አልነበረኝም። እንግዲህ አሁን የእናንተን ዘገባ አትሜ ልውሰድላቸው? “ጋዜጣው ክረምት ሥራ ይቀዘቅዛል ይላል” ልበላቸው? የሚስቁብኝ በእኔ ነው እንጂ በእናንተ አይደለም።

ከዚሁ ጋር የመጣችው ሁለተኛዋ ነገር ደግሞ የኑሮ ወጪዋ ናት። በሠንጠረዡ ውስጥ ለ“አዲስ አበባና አካባቢዋ” ነዋሪ የመኖሪያ ወጪ ዜሮ ተብሎ ተሞልቷል። ከቤት እየተመላለሰ ስለሚማር ነው አሉ። አካባቢዋ ማለት እኛ ነን መሰለኝ፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን። ካርታ ላይ ቅርብ ነን። ከሰበታ ዓለም ገና፣ ከዓለም ገና አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ። ይሄ መሄጃው ብቻ ነው። የማታ ትምህርት ሲለቅ መመለሻው ሌላ ታሪክ ነው፤ አየር ጤና ላይ ሰልፉ ያልቅና ታክሲው ይጠፋል፣ የቀረው “ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም” ይላል። ሴት ብቻዋን በዚያ ሰዓት ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የምትገባበት የባጃጅ ሒሳብና ስጋቱ የትኛው ዓምድ ላይ ነው የሚጻፈው? ስንት ሰው ነው የትራንስፖርቱን ደምሮ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ከጓደኛ ጋር ክፍል መጋራት ይሻላል ብሎ የወሰነው። ያ ዜሮ ለቦሌ ልጅ ይሠራ ይሆናል። (ለቦሌ ልጅም ቢሆን እጠራጠራለሁ።)

ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ እዚህ እኛ ሰፈር ያለው ጫካ ነው። መናገሻ ሱባ ከዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረ ነው ይባላል፤ ጽዱና ዝግባው፣ ኮሶው፣ የምኒልክ ድኩላው ሁሉ እዚህ ነው ያለው። የማስተርስ ተማሪዎች በየዓመቱ ይመጣሉ። ሃያ በሃያ ሜትር የሆነ የጥናት ቦታ ያወጣሉ፣ የዛፍ ወርድ ይለካሉ፣ አፈር ይቆፍራሉ። ሜትር የሚይዝላቸው ማነው? የዛፉን ስም በአማርኛም በኦሮምኛም የሚነግራቸው ማነው? እኛ። ከዚያ መመረቂያ ጽሑፋቸው ምስጋና ላይ “የአካባቢው ሠራተኞች” ተብለን እንቀራለን። በዘገባችሁ ውስጥ ደግሞ እዚያች ላይ እንኳ የለንም። ከከተማ ተነስቶ ጫካ የሚሄደውን ተማሪ አሰባችሁት፣ ጫካው አጠገብ እየኖረ ለመማር ወደ ከተማ የሚመጣውን አላሰባችሁትም።

እሺ፣ ንዴቴን ወደ ጎን ላድርገውና ስለ ሒሳቡ እንነጋገር። ሠንጠረዣችሁ ርካሽና ውድ የሚለየው በክሬዲት ሰዓት ክፍያ ብቻ ነው። በእኛ ሙያ ግን ኪስ የሚያራቁተው ሁለተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ ነው፣ ታውቀዋለህ፣ ትከፍላለህ፣ ያልቃል። ሁለተኛው የመስክ ጥናት ነው። የአፈር ጥናት የሚሠራ ሰው አሥር ቦታ ላይ በሦስት ጥልቀት ናሙና ቢወስድ ሠላሳ ናሙና ይሆናል። እያንዳንዱ ለአሲዳማነት፣ ለካርቦን፣ ለናይትሮጅን፣ ለፎስፈረስና ለእፍግታ ቢመረመር 150 ምርመራ ነው። ላብራቶሪው የሚያስከፍለው በናሙና በናሙና፣ በምርመራ በምርመራ ነው። ዕፅዋት የሚያጠናው ደግሞ አበባ ያለውን ቅርንጫፍ ተጭኖ አድርቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማስቀመጫ) ማምጣት አለበት፤ ብዙው ዕፅዋት የሚያብበው ደግሞ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ያ ወር ካመለጠው ሌላ ዓመት ሊጠብቅ ነው። ሌላ ዓመት ማለት ሌላ የምዝገባ ክፍያ ነው።

ስለዚህ ርካሽ ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው “ክሬዲቱ ስንት ነው?” መሆን የለበትም። አማካሪ መምህሩ የተማሪን የመስክ ወጪ የሚሸፍን የምርምር ፕሮጀክት አለው ወይ? የአፈር ላብራቶሪው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ናሙናው ተጭኖ ሌላ ከተማ ይላካል? ለተማሪ ቅናሽ አለው? ፕሮጀክት ያለው አማካሪ ያገኘ ሰው ክፍያው ከፍ ያለ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም ባነሰ ወጪ ሊወጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ወንዶ ገነትን ያደረጋችሁበት ነገር አስቆጥቶኛል። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ የአገሪቱን የደን ባለሙያ ከአርባ ዓመት በላይ ሲያፈራ የኖረ ቦታ ነው። እናንተ ጋ ግን “ከመዲናዋ ርቆ የሚገኝ” ተብሎ ግርጌ ላይ ቀርቷል። አዎ፣ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ጫካው ያለው ኮሌጁ ጓሮ ነው። መስክ ለመውጣት መኪና መከራየት ቀርቶ ቁርስ በልቶ በእግር መሄድ ይቻላል። እዚያ ገጠር ውስጥ ኑሮውም እንደ አዲስ አበባ አያንገበግብም። ጅማም፣ ሐረማያም፣ ባሌ ሮቤ ያለው መደ ወላቡም በዚህ ዓይን መታየት ነበረባቸው። የክፍያ ዝርዝር እንዲያው ደርድሮ “ቅርቡ ርካሽ ነው” ማለት ግን ስንፍና ነው።

ውጭ አገርን የጠቀሳችሁበትን አንቀጽ ቶሎ ልለፈው፣ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ኖርዌይ ለሁሉም ነፃ ናት ብላችኋል። ነበረች። እንደ ፈረንጆቹ ከ2023 መከር ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ ይከፍላል። ስዊድን ደግሞ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ታስከፍላለች። ጀርመን አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አያስከፍልም፣ ይሄ እውነት ነው፤ ፍራይቡርግ ያለበት ክፍለ ግዛት ግን ከ2017 ጀምሮ ከእኛ ዓይነቱ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። ከዚያም በላይ ለቪዛው ዝግ ሒሳብ ውስጥ (በየወሩ እየተቆነጠረ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ነው) 11,904 ዩሮ አስቀምጡ ይላሉ። በእኔ ደመወዝ! “ነፃ” ከማለታችሁ በፊት ይቺን ቁጥር በብር መንዝራችሁ ማየት ነበረባችሁ። ስኮላርሺፕ ያገኘ ይሂድ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ሳልነካው የማላልፈው ሌላ ነገር አለ። የትምህርት መስኩ ስም። የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር፣ ደን፣ አፈርና ውሃ ጥበቃ፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ ብዝኃ ሕይወት፣ እናንተ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልላችሁ በዋጋ ብቻ ለያችኋቸው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በራሱ ገንዘብ ተምሮ ሲመለስ የሰው ሀብት ክፍሉ ለሥራ መደቡ የሚፈቀደው የትምህርት ዝግጅት ዝርዝር ውስጥ የአንተ መስክ የለም ብሎ መለሰው። ዲግሪው አለ፣ ደመወዙ እዚያው ነው። ከመመዝገቡ በፊት ያንን ዝርዝር አስወጥቶ ቢያይ ይህ ባልደረሰበት። ዘገባ የሚጠቅመው ይሄን ሲናገር ነበር። የግል ኮሌጅ ለሚያስብ ደግሞ ፕሮግራሙ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑን ማጣራት ግድ ነው። በዘገባችሁ ይሄም የለም።

ለመንግሥት ሠራተኛ በእርግጥ የሚያዋጣው ምን እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ፣ መሥሪያ ቤት ስፖንሰር ያደረገው መደበኛ ትምህርት ነው። የትምህርት ክፍያውን አንተ አትከፍልም፣ ደመወዝህ ይቀጥላል፣ ስትመለስ በውሉ መሠረት ታገለግላለህ። ችግሩ ኮታው ነው። ደብዳቤው ማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያድር፣ ማን ቀድሞ ሰምቶ እንደሚያመለክት እኛ ዳር ያለነው እናውቀዋለን፤ ማስታወቂያው እኛ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የመዝጊያው ቀን አልፏል። አንድ ጋዜጠኛ ቢጽፍበት የምወደው ይሄን ነው። ስፖንሰር ላጣ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥ ትምህርት ይሻላል። ከሰበታ በቀን ብርሃን ሄዶ በቀን ብርሃን መመለስ ይቻላልና። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የመግቢያ ፈተናው አይቀርምና ቀኑን ቀድሞ መከታተል ነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ስለ ክረምቱ የጻፋችሁትን አርሙ፣ እርማቱንም ዘገባው ያለበት ገጽ ላይ አውጡት፤ ሰው አሁንም እየተቀባበለው ነው። ሠንጠረዡ ላይ ሁለት ዓምድ ጨምሩ፦ ትምህርቱ የሚሰጥባቸው ወራትና የመስክ ጥናቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲንም ክፍያ እንደገና አጣሩ። ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በድሮ ክፍያ ማስላት አይቻልም። መረጃው የተደበቀ አይደለም። የየዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ስልክ ያነሳል፤ እኔ በምሳ ሰዓት ደውዬ ነው ያገኘሁት።

የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ፣ ከሰበታ