ለአባባ፦ ስለ ዓይንዎ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ልጆቹም ጭምር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አባባ፣ ስለ ዓይንዎ ባነሳሁ ቁጥር «መነጽሩ ነው፣ ቁጥሩ አልፎበት ነው» ብለው ወሬውን ወደ ሌላ ይወስዱብኛል። ዕድሜዎን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ከአፌ ከሚወጣው ይልቅ የጻፍኩትን በጥሞና እንደሚያዩልኝ አምኜ ነው ይህን የላክሁት። ፊደሉን ያተለቅሁት፣ ቀለሙንም ደማቅ ጥቁር ያደረግሁት አስቤበት ነው። ሲደክምዎ ያስቀምጡት። ለፓርኪንሰን፣ ለዚያ እጅ ለሚያንቀጠቅጠው የነርቭ በሽታዎ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሠርቶ ሰውነትዎ ሲፍታታ መልሰው ያንሱት፤ በዚያ ሰዓት ዓይንም ሊሻለው ይችላል።

የምለምንዎ ይህን ነው። ዓይንዎ ላይ የሚያዩትን ለውጥ ሁሉ ለነርቭ ሐኪምዎ ይንገሩ፤ ለዓይን ሐኪሙም ፓርኪንሰን እንዳለብዎ ይንገሩ። ለአንዱ «እጄ ተንቀጠቀጠ»፣ ለሌላው «ፊደል ደበዘዘብኝ» እያሉ ለየብቻ ማስታመሙ ይብቃን። የሁለቱም ምንጭ አንድ ሊሆን ይችላል።

አዲስ ዘመን ሲያነቡ አጠገብዎ ተቀምጬ አይቼዎታለሁ። ማስመሪያዎን ከመስመሩ ሥር ያደርጋሉ፣ ትንሽ ቆይተው ግራ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑና ይቀጥላሉ። አንዱ ዓይን ሲሸፈን ጽሑፉ የሚጠራልዎ ከሆነ፣ ጥፋቱ የመነጽሩ ቁጥር ላይሆን ይችላል። ሰው ከቅርብ ሲያነብ ሁለቱም ዓይኖቹ ትንሽ ወደ አፍንጫው መዞር አለባቸው። ፓርኪንሰን ይህን ቅንጅት ያዳክመዋል፤ ያኔ ፊደሉ ሁለት ይሆናል፣ መስመሩ ይደራረባል፣ ዓይንም መስመር ይዘላል። ስለዚህ መነጽር ቤት ሄዶ ቁጥር ማስጨመሩ ለዚህ አይረዳም። የዓይን ሐኪም ለክቶ ፕሪዝም ያለው፣ ማለት ብርሃኑን አጠፍ አድርጎ ሁለት የሆነውን ፊደል አንድ የሚያደርግ፣ መነጽር ሊያዝልዎ ይችላል። ሩቁንም ቅርቡንም ባንድ ላይ ከያዘው መነጽርዎ ይልቅ፣ ለንባብ ብቻ የተሠራ ለብቻው ቢኖርዎም ብዙ ጊዜ ይሻላል ይላሉ።

ማታ ማታ የሚቆጠቁጥዎ ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ፓርኪንሰን ይህን ይቀንሰዋል፣ ዓይንም ይደርቃል። ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ ቀላል ነገር ነው፤ ይጠይቁ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሌሊት ለኪዳን ብቻዎን ወደ ባዕታ መሄድዎ ነው። የዓይንዎ ሞራ ከወጣ በኋላ ግድግዳ ላይ ያለውን ፊደል እስከ ታች ለሐኪሙ አንብበውለታል፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ያ ሰሌዳ ግን በነጭ ላይ ጥቁር ነው። ቀለማቸው የተቀራረበ ነገሮችን፣ ግራጫ ደረጃን ከግራጫ ወለል መለየት ሌላ ችሎታ ነው፣ ፓርኪንሰንም የሚጎዳው ይህኛውን ነው። ፊደሉን ሁሉ ያነበበ ሰው የደረጃ ጠርዝ ሊስት ይችላል። የኛን ቤት ደረጃ ጠርዝ በቢጫ ቀለም እንዲያሰምርልኝ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፤ እባክዎ አይከልክሉት።

ዓይን የእጅና የእግር በሽታ ውስጥ ምን አገባው ይሉኝ ይሆናል። ከዓይን ኳስ በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና የሚሉት፣ ጽንስ በማኅፀን ሳለ ከራሱ ከአንጎል ተከፍሎ የሚያድግ ነው። 1 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች ከዚያ ተነስተው ወደ አንጎል ይሄዳሉ። በበሽታው ምክንያት አንጎልዎ ውስጥ የሚያንሰው ዶፓሚን፣ የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር፣ ሬቲናም ውስጥ አለ፤ ብርሃንና ጥላን አጥርተን እንድንለይ የሚረዱት ሕዋሳት ይጠቀሙበታል። ሐኪሞች ራስ ቅል ሳይከፍቱ የአንጎልን ወገን በቀጥታ የሚያዩበት ቦታ ቢኖር ዓይን ነው። እኔ ይህን ሳነብ በጣም ነው የተደነቅሁት።

የነርቭ ሐኪሙ «ጣቴን በዓይንህ ተከተል» እያለ ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርግዎ ተናደው ነበር፤ እንደ ልጅ ቆጠረኝ ብለው። ለቁም ነገር ነው አባባ። እ.ኤ.አ. በ1964 የተገለጸ፣ ፓርኪንሰንን በጣም የሚመስል ሌላ ሕመም አለ፤ እሱን ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ዓይን ወደ ላይና በተለይ ወደ ታች መንቀሳቀስ ማቃቱ ነው። የእርስዎ ዓይን በደንብ ይንቀሳቀሳል።

አሁን ሐሙስ ስለሚደረግልዎ የሬቲና ምርመራ ልንገርዎ። ኦሲቲ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም የቀረበው። መርፌ የለውም፣ እንደ ራጅ ያለ ጨረርም የለውም። አገጭዎን ማስደገፊያው ላይ ያሳርፋሉ፣ ውስጥ የምትበራ ምልክት ያያሉ፣ መሣሪያው በማይታይ ብርሃን የሬቲናን ንጣፎች አንድ በአንድ ይለካል። ጠቅላላ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር ሩብ ገደማ ነው፤ ልኬቱ ግን በሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ለየዓይኑ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የለንደኑ ሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ከ150,000 በላይ ሰዎችን መረጃ መርምረው፣ ፓርኪንሰን ያለባቸው ሰዎች የሬቲናቸው ውስጠኛ ንጣፍ ሳስቶ እንዳገኙት ጽፈዋል። በሌላ ትልቅ የእንግሊዝ የጤና መረጃ ላይ ደግሞ ለውጡ በሽታው በሐኪም ከመታወቁ በአማካይ 7 ዓመት ቀድሞ ታይቷል። ሌሎች ጥናቶችም የዚህን ንጣፍ መሳሳት በኋላ ከሚመጣ የማስታወስና የማሰብ ድካም ጋር አያይዘውታል። ይህን ልደብቅዎ አልፈለግሁም፤ ተሸፋፍኖ የሚነገር ነገር እንደማይወዱ አውቃለሁ።

ግን እነዚህ ጥናቶች የሚናገሩት ስለ ብዙ ሰው አማካይ ነው። የአንድን ሰው ምስል አይቶ «አባትሽ በዚህ ዓመት እዚህ ይደርሳሉ» የሚል ሐኪም ቢገጥመን አላምነውም። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ ሕመምም ንጣፉን ያሳሳዋል፣ ስኳርም ይነካዋል፣ ዕድሜ ራሱ ይቀንሰዋል። የመጀመሪያው ምስል እንደ አንደኛ ማረሚያ ወረቀት ነው፤ ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ ከሚቀጥለው ጋር ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ነው የተለወጠው የሚታየው። ዘንድሮ ተነስተው ከዓመት በኋላ ቢደግሙት፣ የነርቭ ሐኪሙ የእጅዎን መንቀጥቀጥና የአረማመድዎን ሁኔታ ሲመዝን አንድ ተጨማሪ ነገር በእጁ ይኖረዋል። ሕክምናዎን በዚያ ብቻ አይወስንም።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። እማዬ ነግራኛለች፣ እባክዎ አይቆጧት። አመሻሽ ላይ ሳሎኑ ጥግ ድመት እንደሚያዩ፣ አንዳንዴም በሩ ላይ የቆመ ሰው እንዳለ እንደሚመስልዎ። አባባ፣ ይህ እብደት አይደለም፤ ክፉ መንፈስም አይደለም። ፓርኪንሰን ባለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ የሚደርስ ነው፤ ከበሽታውም ከመድኃኒቱም ሊመጣ ይችላል። ፀበሉን እንዳይተዉ፤ እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ። ለሐኪሙ ግን የግድ መነገር አለበት፤ የመድኃኒቱን መጠን ወይም ዓይነት አስተካክሎ ሊያቀልልዎ ይችላልና። በተለይ ለመንቀጥቀጡ ተብሎ የተጨመረልዎ ትራይሄክሲፈኒዲል በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ዓይን ሊያደበዝዝ፣ አእምሮንም ሊያደናግር ይችላል። የዓይናቸው ፈሳሽ መውጫ ማዕዘን ጠባብ ሆኖ የዓይን ግፊታቸው በድንገት የሚወጣባቸው ሰዎች ደግሞ ሊወስዱት አይገባም። የዓይን ሐኪሙ ግፊትዎን የሚለካበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ብቻ በራስዎ እንዳያቋርጡት፤ በድንገት ማቆሙ ራሱ ይጎዳል።

ሐሙስ ጠዋት በ2 ሰዓት ቤት እደርሳለሁ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው፣ አሮጌዎቹንም አዲሶቹንም መነጽሮች በአንድ ፌስታል ያስቀምጡልኝ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ካደረጉልዎ ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን ስለሚያስቸግርዎ ኮፍያዎን አይርሱ፤ ስንመለስ በእግር አንሄድም፣ ራይድ እጠራለሁ። የጠዋት መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ምርመራ አለ ብለው እንዳይዘሉት። የነርቭ ሐኪሙ ቀጠሮ በማግሥቱ ስለሆነ ውጤቱን ይዘን እንገባለን። እዚያ ስለ ድመቱ እርስዎ መናገር ከከበደዎ በዓይንዎ ብቻ ጠቀስ ያድርጉኝ፣ እኔ እጀምርልዎታለሁ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ሁሌም የምትወድዎ ልጅዎ